የምክር ቤት አባላትና የጥቅም ግጭት፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንድ የአካባቢ ምክር ቤት አዲስ መንገድ ሊያሠራ ነው እንበል። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን አባላቱ በድምፅ ይወስናሉ። ከአባላቱ አንዷ ታዲያ ከአማራጮቹ በአንዱ ዳር መሬት አላት። የገዛችውም ከመመረጧ በፊት ነው። ምን ታድርግ? እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይባላል። አንድ በአንድ እንያቸው።

«የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ሙሰኛ ነው»

አይደለም። የጥቅም ግጭት ማለት የግል ጥቅም ከሕዝብ ኃላፊነት ጋር ሲጋጭ ነው፤ ሰው ራሱን የሚያገኝበት ሁኔታ ነው፣ የሠራው ጥፋት አይደለም። የአካባቢ ተመራጭ እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይነግዳል፣ ልጆቹንም እዚያው ያስተምራል። ምንም የማይነካው ሰው ቢመረጥማ ስለ አካባቢው ምን ያውቃል? ጥፋቱ የሚጀምረው ጉዳዩ ሲደበቅ ወይም እየታወቀ ሲወሰንበት ነው። «ጥቅም አለኝ» ማለት «ሰርቄያለሁ» እንደማለት ከተቆጠረ ደግሞ ማንም አፉን አይከፍትም።

«ህሊናዬ ንጹህ ስለሆነ ችግር የለም»

ለእኔ ከሁሉም አስቸጋሪው ይሄ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚሉት ክፉዎች አይደሉም፣ ከልባቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1852 እንግሊዝ ውስጥ የታየ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ሎርድ ኮተንሃም የሚባሉ ከፍተኛ ዳኛ አንድ የውኃ ቦይ ኩባንያ ባለበት ክርክር ለኩባንያው ፈርደው ነበር። ለካ በኩባንያው ውስጥ አክሲዮን ነበራቸው። ይግባኙን ያዩት ዳኞች ኮተንሃም በዚህ ምክንያት አድልተዋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ፍርዳቸውን ግን ሻሩት። የሚገርመው፣ ጉዳዩ እንደገና ሲታይም ያሸነፈው ያው ኩባንያው ነው። ፍርዱ የተሻረው ውጤቱ ስለተበላሸ አልነበረም። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን ስለሌለበት ነው።

ለምክር ቤት አባልም ነገሩ ያው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እኛ የሚባለውን የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ራስን የሚጠይቁት «አዳላለሁ ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ጉዳዩን የሚያውቅ የውጭ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?» ብሎም ነው።

«ድምፅ ካልሰጠሁ በቂ ነው»

ብዙዎች ተአቅቦ ሲያደርጉ ከደሙ ንጹህ የሆኑ ይመስላቸዋል። ግን ድምፅ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ውይይት አለ፣ ማግባባት አለ፣ ሻይ ዕረፍት አለ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተከራክሮ ሲያበቃ እጁን ያላወጣ ሰው ሥራውን ጨርሷል። ዝም ብሎ የተቀመጠውም ቢሆን፣ ባልደረቦቹ ፊቱን እያዩ በነፃነት «አይሆንም» ይሉታል? ደግሞ ውሳኔ በተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ የሚያልፍ ከሆነ፣ ተአቅቦ እንደ ተቃውሞ ሊቆጠር ይችላል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2011 ሎካሊዝም አክት በሚባለው ሕግ፣ በጉዳዩ ላይ ሕጉ የሚዘረዝረው ዓይነት የገንዘብ ጥቅም ያለው አባል ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር ድምፅ መስጠት ብቻ ሳይሆን መወያየትም አይችልም። ያለ በቂ ምክንያት ይህን መጣስ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት እስከ 5 ዓመት ከአባልነት ሊያግደው ይችላል።

ደህናው አሠራር ቀላል ነው። አጀንዳው ሳይከፈት ጥቅሙ ምን እንደሆነ ለሰብሳቢው መናገር፣ ከአዳራሹ መውጣት፣ በቃለ ጉባኤ ማስያዝ። ሰብሳቢው ራሱ ከሆነ ወንበሩን ለምክትሉ ይልቀቅ። ከስብሰባው በፊት ጉዳዩን ለያዘው ባለሙያ ስልክ ደውሎ «እስቲ ያችን ነገር» ማለትም ክልክል ነው። «እከክልኝ ልከክልህ» ካለ ግን መውጣቱም ዋጋ የለውም። ዛሬ እኔ ስወጣ አንተ ታሳልፍልኛለህ፣ ነገ በተራህ። ይሄን ደንብ ብቻውን አይዘውም። በቃለ ጉባኤው ላይ ማን በማን ጉዳይ እንደወጣና እንዴት እንደተወሰነ በየዓመቱ ደርድሮ ማየት ይሻላል።

«ገንዘብ ከሌለበት አይቆጠርም»

ይቆጠራል። ወንድም፣ አማች፣ የሥራ ሸሪክ፣ ያለ ክፍያ የሚመሩት ማኅበር፣ ሁሉም አለበት። ጠብም እንዲሁ። ተካሶ የተጣላውን ሰው የፈቃድ ጥያቄ ሊወስን የሚቀመጥ አባልም ግጭት አለበት።

«ሀብቴን አስመዝግቤያለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?»

መዝገቡ ፋይል ውስጥ ነው። ስብሰባው ላይ ያለው ሰው መዝገቡን ይዞ አልመጣም። ያስመዘገቡትንም በዕለቱ መናገር ያስፈልጋል። አዲስ ነገር ሲገኝ መዝገቡን ማደስም አይረሳ።

«በምርጫ ዘመቻ አቋሙን የተናገረ አባል መወሰን አይችልም»

ይሄኛው ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። ተቃዋሚን ከአዳራሽ ለማስወጣት እንደ መሣሪያ ሲያገለግልም ይታያል። «ገበያው እንዲነሳ አልፈልግም» ብሎ የተመረጠ ሰው አቋም እንጂ የጥቅም ግጭት የለበትም። የተመረጠውም ለዚያ ነው። የሚፈለግበት ማስረጃውን ሰምቶ ሐሳቡን ለመቀየር ክፍት መሆን ነው። የእንግሊዙ ሕግም ቀድሞ አስተያየት መስጠት ብቻውን አእምሮን እንደ መዝጋት አይቆጠርም ይላል። እንደዚሁ ነዋሪውን ሁሉ እኩል የሚነካ ግብር ላይ መወሰን «አንተም ከፋይ ነህ» ተብሎ አይከለከልም። እንዲያ ከሆነማ ማን ይቀራል?

«ሁሉም ከወጣ ምክር ቤቱ ይዘጋል»

ከ9 አባላት 6ቱ በመንገዱ ዳር መሬት ቢኖራቸው ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። ለዚህ መላ አለው። ብዙ ቦታ አባላቱ በጽሑፍ ጠይቀው፣ ምክንያቱ ተመዝግቦ፣ ለተወሰነ ጊዜ የመሳተፍ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ወይም ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። የማይሆነው «ብዙ ነን» ብሎ ዝም ማለት ነው።

የእኛዋ አባል ግን ብቻዋን ናት። «በሁለተኛው አማራጭ ዳር መሬት አለኝ» ትላለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ ትወጣለች። ጸሐፊው የወጣችበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ስትመለስም የተመለሰችበትን።