የኬጁን ቅመም፦ አመጣጡና በቤት ውስጥ አዘገጃጀቱ

የኬጁን ቅመም በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በሉዊዚያና በሚኖሩት ኬጁኖች ስም የሚጠራ፣ ከደረቁ ቅመሞችና ቅጠላ ቅጠሎች የሚደባለቅ ቀይ ዱቄት ነው። መሠረቱ ፓፕሪካ የሚባለው እምብዛም የማያቃጥል የቀይ በርበሬ ዱቄት፣ ካየን የሚባለው የሚያቃጥል ቀይ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የነጭና የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ ኦሬጋኖና ጦስኝ ነው። ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ዶሮ፣ ድንችና ሩዝ ይቀመምበታል። ታሽጎ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፤ ሆኖም እነዚህ ቅመሞች በጓዳው ያሉት ሰው 10 ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። የቤቱ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ጨው ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ በሰፊው ይነገራል።

ኬጁኖች የአካዲያ ፈረንሳውያን ዘሮች ናቸው። ከ1604 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው የካናዳ ክፍልና በአካባቢው የሰፈሩት ፈረንሳውያን አካዲያውያን ይባሉ ነበር። አገሩ በእንግሊዞች እጅ ከወደቀ በኋላ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያለ ቅድመ ሁኔታ ታማኝ እንሆናለን ብለው ለመማል እምቢ በማለታቸው ከ1755 አንሥቶ ከርስታቸው ተነቀሉ። ቤታቸው ተቃጠለ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ፣ በመርከብ ላይና በስደት ያለቀው ብዙ ነው። ከተረፉት ውስጥ ከ1764 ጀምሮ ወደ ሉዊዚያና የገቡ ነበሩ፤ በ1785 ደግሞ ሰባት መርከቦች ወደ 1,600 የሚጠጉ አካዲያውያንን ከፈረንሳይ አመጡ። የሰፈሩትም ከኒው ኦርሊንስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በባዩ ቴሽ ወንዝ ዳርቻ፣ በአቻፋላያ ረግረግና ከዚያ በስተ ምዕራብ ባለው ሜዳ ነው። በ1971 የግዛቲቱ ምክር ቤት 22 ወረዳዎችን የሚያቅፈውን ይህን አካባቢ አካዲያና ብሎ በይፋ አወቀው።

ከካናዳ ይዘውት የመጡት ምግብ እምብዛም አያቃጥልም ነበር። ዛሬ የምናውቀው የኬጁን ወጥ የተወለደው በአዲሱ አገር፣ ከሌሎች ጋር በመኖር ነው። ቾክታው የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች የሳሳፍራስ ቅጠልን አድርቆና ወቅጦ ወጥ ማወፈርን አስተማሩ፤ ይህ ዱቄት ፊሌ ይባላል። ባሚያን በማብሰል በኩል ዕውቀቱ በባርነት ተግዘው የመጡት ምዕራብ አፍሪካውያን ነው፤ ጋምቦ የተባለው ዝነኛ ወጥ ስሙን ያገኘው በአፍሪካ ቋንቋ ለባሚያ ከተሰጠ መጠሪያ እንደሆነ ይታመናል። የኬጁን ምግብ ታሪክ ሲተረክ የእነዚህ ሰዎች እጅ በግርጌ ማስታወሻ መቅረቱ ትክክል አይደለም፤ ድስቱ ያለ እነርሱ የሚታሰብ አይደለምና። ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች ደግሞ በቋሊማ አሠራር አሻራቸውን ጥለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የኬጁን ምግብ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፣ ታሽጎ የሚሸጠው የኬጁን ቅመም ግን ገና የትናንት ነው። በድሮው የገጠር ቤት ባልትና ማለት ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቀይ በርበሬ ነበር። ጣዕሙ የሚመጣው ከጊዜ ነው። የስንዴ ዱቄት በዘይት ወይም በሞራ እየተማሰለ እስኪጠቁር ይቁላላል፤ ሩ ይባላል። በላዩ ቀይ ሽንኩርት፣ ሴሌሪና የፈረንጅ ቃሪያ ተከትፈው ይገባሉ። እነዚህን ሦስቱን የአገሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ካቶሊኮች ናቸውና፣ በሥላሴ ስም ይጠሯቸዋል። ከዚያ ሥጋው ወይም ዓሣው በቀስታ ይበስላል። እንዲህ በተሠራ ወጥ ውስጥ የተደባለቀ ዱቄት የሚጫወተው ሚና ትንሽ ነው።

ዱቄቱን ወደ ገበያ ካወጡት ቀዳሚዎቹ አንዱ የኦፐሉሳስ ከተማ ተወላጁ ቶኒ ሻሸሪ ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በ1972 ነው። ዓለም አቀፍ ዝና ያመጣው ግን የዚያው አካባቢ ልጅ ፖል ፕሩዶም ነው። በ1940 ከጭሰኛ ቤተሰብ፣ ከ13 ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። በ1979 ከባለቤቱ ጋር በኒው ኦርሊንስ ኬ-ፖልስ የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። እዚያ ሬድፊሽ የሚባለውን ዓሣ በቀለጠ ቅቤ ነክሮ፣ በቅመም ለውሶ፣ እጅግ በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ እስኪጠቁር ጠበሰ። ምግቡ በ1980ዎቹ አሜሪካን አጥለቀለቀ፤ የሬድፊሽ ፍላጎት ከመጠን በላይ ከመናሩ የተነሣ መንግሥት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሣው ለንግድ እንዳይጠመድ እገዳ እስከመጣል ደረሰ። ፕሩዶም የራሱን ቅመሞች እያሸገ መሸጥም ጀመረ። በ2015 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የሉዊዚያና ምግብ አምባሳደር ሆኖ ኖሯል። የዚህ ዝና ጎጂ ጎን፣ በሩቅ ያለው ሰው የኬጁን ምግብ ሁሉ የጠቆረና አፍ የሚያቃጥል አድርጎ ማሰቡ ነው። በአካዲያና ቤቶች የሚበስለው ወጥ ግን ብዙውን ጊዜ ለስለስ ያለ ነው።

ክሪዮል ተብሎ የሚሸጠው ቅመም የቅርብ ዘመዱ ነው። ክሪዮል የከተማዋ የኒው ኦርሊንስ ወጥ ቤት ነው፤ ቲማቲምና ቅቤ ይበዛበታል፤ በቅመሙም ኦሬጋኖ፣ ጦስኝና በሶብላ የመሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ይጎላሉ። ኬጁኑ በበርበሬዎቹ ያመዝናል። በገበያ ላይ ግን ድንበሩ ፈርሷል፤ ሻሸሪ ራሱ ቅመሙን የሸጠው ክሪዮል ብሎ ነው።

ወደ ድብልቁ እንግባ። ከሌሎች ቀይ ቅመሞች የሚለየው ሦስት ዓይነት ማቃጠያ አንድ ላይ መያዙ ነው፤ ፕሩዶምም በዚህ ላይ አጥብቆ ያምን ነበር። ካየን ምላስንና ከንፈርን ያቃጥላል፤ ይህን የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ቁንዶ በርበሬ ፓይፐሪን በተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይፋጃል፤ ሽታውም አብሮ ይመጣል። ነጩ ቁንዶ በርበሬ ከዚያው ተክል የሚገኝ፣ ልጣጩ የተነሣለት ፍሬ ነው፤ ዘግየት ብሎ ጉሮሮ አካባቢ ይሰማል። ሦስቱ ሲገናኙ ማቃጠሉ በአንድ ቦታ አይወድቅም፣ አፍን ሁሉ ይሞላል። ነጩን ትተው በካየን ብዛት ሊያካክሱት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ፍጀት ብቻ ይሆናል።

ጥሩ ሚዛን ያለው ድብልቅ እንዲህ ነው፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ፓፕሪካ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ከቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ ከደረቅ ኦሬጋኖ፣ ከደረቅ ጦስኝና ከተፈጨ ቁንዶ በርበሬ እያንዳንዳቸው 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከነጭ ቁንዶ በርበሬና ከካየን እያንዳንዳቸው 2 የሻይ ማንኪያ። ይህ ከግማሽ ኩባያ ጥቂት ይበልጣል። ሁለት ቅጠል ቤይ ሊፍ ከቁንዶ በርበሬው ጋር አብሮ ቢፈጭ ወጥ ለሚሠራበት ሰው ያምራል፤ ትንሽ የሰናፍጭ ዱቄት የሚጨምሩም አሉ። ከሙን ግን አይግባ፤ ጣዕሙን ወደ ቴክሳስና ሜክሲኮ ይወስደዋል። ፓፕሪካው የታጠነው ዓይነት ከሆነ ለድንችና ለዶሮ ጥሩ ነው። በጭስ የደረቀ ቋሊማ በሚገባበት ወጥ ውስጥ ግን ጭስ በጭስ ላይ ይሆናልና ተራውን መምረጥ ይሻላል።

ቁንዶ በርበሬው በፍሬው ተገዝቶ ያኔውኑ ቢፈጭ ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል። ኦሬጋኖውና ጦስኙ በመዳፍ ይታሻሉ እንጂ ዱቄት እስኪሆኑ አይፈጩም። የነጭ ሽንኩርቱ ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ይጓጉላል፤ በወንፊት ማሳለፍ ነው። ቅመሙን መቁላት አያስፈልግም፤ ፓፕሪካ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል፣ ይመራልም።

የእኛን በርበሬ ለሚያውቅ ሰው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ዛላው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከሌሎች ጋር ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ወጥ ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቁላላል። የኬጁን ቅመም አስቀድመው የደረቁ ዱቄቶች ድብልቅ ብቻ ነው፤ ሥጋ ላይ ተነስንሶ ወዲያው መጥበሻ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የተዘጋጀ በርበሬ በፓፕሪካ ቦታ አይተካም፤ ኮረሪማውና አብሹ ሌላ ምግብ ያደርገዋል። ፓፕሪካ ያጣ ሰው ፍሬው የወጣለት የማረቆ በርበሬ ዛላ ምንም ሳይቀላቀልበት አስፈጭቶ መጠቀም ይችላል፤ እርሱ ከፓፕሪካ ይልቅ ስለሚያቃጥል ካየኑ ይቀነስ። ሚጥሚጣም በካየን ፋንታ የሚሆነው ጨውና ኮረሪማ ያልገባበት ከሆነ ነው፤ ያም በግማሽ ልክ።

ጦስኝን በተመለከተ ግን የኢትዮጵያ ጓዳ ከሉዊዚያና የሚያንስ አይደለም። በደጋችን ሜዳ ላይ የሚበቅለው ጦስኝ ከአውሮፓው የተለየ ዝርያ ነው፤ የጦስኝን ሽታ የሚሰጠው ታይሞልም የኦሬጋኖን ሽታ የሚሰጠው ካርቫክሮልም በብዛት ይገኙበታል። ኦሬጋኖ ከጠፋ የእርሱን ድርሻ በጦስኝ መሙላት ያስኬዳል። ኮሰረት ሜክሲኮ ውስጥ ኦሬጋኖ ከሚባለው ተክል ጋር የአንድ ወገን ልጅ ነው፤ ሽታቸው ግን ስለሚለያይ እንደ ምትክ አይታይ።

አሁን ወደ ጨው። በአሜሪካ ሕግ በማሸጊያ ላይ የሚጻፉ ግብዓቶች በክብደት ከብዙው ወደ ትንሹ ይደረደራሉ። በዝነኞቹ የሉዊዚያና ቅመሞች ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነበበው ጨው ነው፤ ገዢው ለበርበሬ እየከፈለ ጨው ይገዛል። ጉዳቱ በገንዘብ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው የበዛበትን ቅመም የያዘ ሰው ጣዕሙ እንዲጎላ ሲጨምር ጨውም አብሮ ይጨምራል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤት የተዘጋጀው ያለ ጨው ይቀመጥ፤ ጨው በየምግቡ ለብቻው ይገባል። ለግማሽ ኪሎ ዶሮ ወይም ዓሣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅመም በቂ ነው፤ ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ ከዚያም ማሳነስ ይቻላል።

አጠቃቀሙ እንደ ምግቡ ነው። ለጥብስ ሥጋው በወረቀት ደርቆ፣ በዘይት ተቀብቶ ይለወሳል። ለወጥና ለጃምባላያ፣ ማለትም ከሥጋና ከቋሊማ ጋር ለሚበስለው ሩዝ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው በዘይት ሲለሰልሱ ቢገባ ይመረጣል። የበርበሬው ቀለምና ብዙዎቹ ሽታዎች በውኃ ሳይሆን በዘይት የሚሟሙ ናቸውና። ለጾም ምስርና ሽምብራም በዚሁ መንገድ ይሆናል። ዓሣ እንደ ፕሩዶም ማጥቆር የሚፈልግ መስኮት ይክፈት፤ ከጋለው መጥበሻ የሚነሣው የካየን ጭስ ቤቱን ሁሉ ያስላል። ዓላማውም ጥልቅ ቡናማ ማድረግ ነው፤ ከሰል የመሰለ ቅመም መራራ ነው።

ቅመሙ ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ፣ ከምድጃና ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል። ብርሃን መጀመሪያ የሚያጠፋው የፓፕሪካውን ቀለም ነው፤ ቀዩ ወደ ቡናማ ሲሄድ ጣዕሙም እየሄደ ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ ጥንካሬው ይቆያል። ከሚፈላ ድስት በላይ አይነስነስ፤ እንፋሎቱ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ያጓጉለዋል። በደረቅ ማንኪያ መቅዳት ነው።

በጸደይ ወራት፣ ሎብስተርን የሚመስለው ትንሹ የረግረግ ፍጥረት ክሮፊሽ በሚበዛበት፣ ካቶሊኮቹም ከሥጋ በሚጾሙበት ጊዜ፣ ሉዊዚያናውያን ግቢ ውስጥ ትልልቅ ድስት ጥደው ክሮፊሽ ይቀቅላሉ። ለዚያ የሚገባው ግን ይህ ዱቄት አይደለም። የሰናፍጭና የድንብላል ፍሬ፣ ቤይ ሊፍ፣ ቅርንፉድና ቀይ በርበሬ ሳይፈጩ በከረጢት ታስረው ውኃው ውስጥ ይነከራሉ፤ በኒው ኦርሊንስ በ1889 የተመሠረተው ዛታራንስ የሚታወቀው በዚህኛው ነው።