የትርፍ ሰዓት እራት የማን ሰዓት ነው?

ነሐሴ ላይ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ካላንደሩም አጀንዳውም ባንዴ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል እሠራ ነበር። እራታችን በአንድ ትሪ የመጣ ሽሮ ነው። እጃችን ትሪው ላይ፣ ዓይናችን ማሽኑ ላይ። ወረቀት ሲቀረቀርበት እንጀራውን ጥሎ መሮጥ ነው። ደሞዝ ሲወጣ ታዲያ ከየምሽቱ ኦቨርታይም አንድ አንድ ሰዓት «ለእራት» ተብሎ ተቀንሶ አገኘነው።

ያኔ ስንከራከር እኛ ካልነው ግማሹ ስህተት ነበር። የአሠሪዎቻችንም እንደዚያው። ዛሬም ስታዲየም አካባቢ ካፌ ከሚሠሩ ልጆች ያንኑ እሰማለሁ። የማወራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደሩ ሠራተኞች ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

«የአንድ ሰዓት እረፍት በሕግ የተጻፈ ነው»

አልተጻፈም። ይህ ሐሳብ ከመንግሥት ቢሮ የተወረሰ ይመስለኛል። ከ6፡30 እስከ 7፡30 በሩ ሲዘጋ፣ ዓርብ ደግሞ የምሳው ሰዓት ለጁምዓ ሰፋ ሲል እያየን ነው ያደግነው። አዋጁ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ጣሪያ ያስቀምጣል። በሳምንት አንዴም ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ማረፍ ግድ ነው። ለምሳና ለእራት ግን ይህን ያህል ደቂቃ አላለም። እሱን ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው ለሚዋዋሉት ኅብረት ስምምነትና ለድርጅቱ የሥራ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደንቡ ነው። ብዙ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚገኘው፣ ቢሆንም ይጠየቅ።

«እየበላህ ያለፈ ሰዓት አይቆጠርም»

የእኛ የፈረቃ ኃላፊ «እየበላችሁ እኮ ነው፣ እሱ ደግሞ ሥራ ነው?» ይለን ነበር። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው እጅህ የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ብቻ አይደለም። ለሥራ ዝግጁ ሆነህ የቆየህበትንም ይጨምራል። የቀኑ 8 የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ ይህ ሚዛን የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዲት የካፌ ካሸር አስቡ። ፍርፍሯን ከባንኮው ሥር አስቀምጣለች። አንዴ ትጎርሳለች፣ ደንበኛ ይመጣል። እጇን በሶፍት ጠርጋ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ፍርፍሩ ቀዝቅዟል። ይሄ እረፍት አይባልም። ባንኮውን ለሌላ ሰው አስረክባ፣ ስልኳን ይዛ ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ ማኪያቶ ጠጥታ ብትመለስ ግን ያ የራሷ ጊዜ ነው። ያኔ «ይከፈለኝ» ማለት አይቻልም፣ ደንቡ ወይም ስምምነቱ ይከፈላል ካላለ በቀር። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነበር። ትሪው በቀረበ ቁጥር ሁሉም ሰዓት ይታሰብልን ብለን ድርቅ አልን፣ ማሽኑ ጠፍቶ ውጭ የተቀመጥንባቸውን ምሽቶች ጨምረን።

«እራት አብልቼሃለሁ፣ ሌላ ምን ፈለግክ?»

እራቱ ደግነት ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያ ግን አይደለም። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75። በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5።

በ10,400 ብር ደሞዝ እናስላው። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የወሩ አማካይ 208 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ የሰዓቱ 50 ብር ይሆናል። የምሽቱ ትርፍ ሰዓት 75 ብር ነው ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት አንድ አንድ ሰዓት ከተቆረጠ በአራት ሳምንት 900 ብር። ሽሮው ምንም ቢጣፍጥ ይህን አያወጣም።

«ታዝዘሃል፣ እስኪያልቅ ትቆያለህ»

ትርፍ ሰዓት በመርህ ደረጃ ግዴታ አይደለም። አሠሪው ሌላ አማራጭ ሲያጣ፣ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ ነው የሚያዘው። (በየዓመቱ ነሐሴ የሚመጣ ካላንደር «አስቸኳይ» መባሉ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።) ያኔም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ጭራሽ አይታዘዙም። በሌላ በኩል፣ ሳይታዘዙ በራስ ፈቃድ ማምሸት ትርፍ ሰዓት ተብሎ አይጠየቅም።

«የጾመ ሰው እረፍት ምን ያደርግለታል?»

ይህን በቀልድም በምርም ሰምቻለሁ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የ6፡30 ምሳ አይጠቅመውም። በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው የሚደርሰው ኦቨርታይሙ በተጀመረ በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ይዛወር እንጂ አይሰረዝ። እኛ ጋ ጾሙ ሲገባ ተነጋግረን ፈረቃ እንለዋወጥ ነበር፣ ማንም አልተቸገረም።

«ሲመቸኝ እጠይቃለሁ»

የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቂያው መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ 6 ወር ነው። ከዚያ በይርጋ ይታገዳል። እኛ ጋ አንዲት ጠራዥ በካርቶን ቁራጭ ላይ ከትሪው የተነሣችበትን ሰዓት ትጽፍ ነበር። 1፡40፣ 1፡52፣ 2፡05። ሒሳብ ክፍል ያንን ካርቶን አይቶ የዚያን ነሐሴ ሰዓት መለሰልን፣ ማሽኑ የጠፋባቸውን ምሽቶች ቀንሶ። የቀደመው ዓመት ነሐሴ ግን ከ6 ወር አልፎት ነበር፣ ካርቶንም አልነበረውም።