«የትኛው በሬ ይሸጥ?»፦ ስለ ካንሰር ሕክምና ወጪ በጎጃም ገጠር የሚባለውና እውነታው

በጎጃም ገጠር አንድ ሰው ካንሰር እንደያዘው ሲነገረው፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አስቀድሞ የሚመክረው የትኛው በሬ ይሸጥ በሚለው ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመጣ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ወሬ ላይ ስለሚቆም ቤቱን ያለ አግባብ ያራቁተዋል።

«ካንሰር ሀብቱን ጨርሶ ሰውየውንም ይወስዳል፤ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።»

ይህ አባባል ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ብዙ ሕመምተኛ ሆስፒታል የሚደርሰው በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ስለሆነ፣ ጎረቤት የሚያስታውሰው ወጪውንና ለቅሶውን ነው። የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም «አዝመራው ይግባ» እየተባለ ይቆያል፤ በዚህ መካከል ግን ሕክምናው ይረዝማል፣ ወጪውም ይበዛል። የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ገና ቅድመ ካንሰር ሳለ በጤና ጣቢያ ማጣሪያ ከተገኘ፣ ቁስሉን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ በዚያው ቀን ማከም የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

«የጤና መድን ለወባና ለጉንፋን እንጂ ለካንሰር አይሠራም።»

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ እንዲህ መባሉ ያስገርማል። መድኑ ውል ባለው ሆስፒታል የሚሰጠውን ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምናና አልጋ፣ እንዲሁም በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የተገኘውን መድኃኒት ይሸፍናል። ችግሩ ያለው በሥርዓቱ ላይ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የተላከበትን የሪፈር ወረቀት ያልያዘ ሰው ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። አክስቴ ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትሄድ ዝናብ መታትና ማኅተሙ ደበዘዘ፤ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተመልሰን ሌላ ማኅተም እስኪመታልን ሁለት ሌሊት የአልጋ ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ «የለም» የሚል ማኅተም ያለበትን ማዘዣና ሕጋዊ ደረሰኝ መያዝ ይገባል፤ ወጪውን የሚመልሱ ወረዳዎች አሉና። ምዝገባው በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ፣ ከታመሙ በኋላ ልግባ ማለት አያዋጣም። መክፈል የማይችሉ ድሆች ግን በቀበሌያቸው ተመርጠው መዋጯቸውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

«ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው።»

ባሕር ዳር የሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ሕክምና ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ዓባይን ከመሻገር በፊት እዚያው መጠየቅ ይቀድማል። የጨረር ሕክምና ሌላ ነው፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ለሳምንታት ሊቀጥል ስለሚችል፣ ከሕክምናው ይልቅ ማደሪያው ይከብዳል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ አቅመ ደካማ ሕመምተኞች፣ ተስፋ አዲስ ደግሞ ካንሰር ላለባቸው ሕፃናትና ለወላጆቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አላቸው። ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጡ መነሣት ግን ጥሩ አይደለም።

«ገንዘቡን የሚበላው መድኃኒቱ ነው።»

እስቲ እንቁጠረው። እንደ አክስቴ በየ21 ቀኑ 8 ዙር ኬሞ የታዘዘላት ሴት ከአስታማሚዋ ጋር ስትመላለስ 32 የመኪና ሒሳብ ትከፍላለች። በዚያ ላይ ምግቡ፣ አልጋውና ሳይታረስ የሚያድረው መሬት አለ። መድኑ ይህን አይከፍልም።

«እድር ለሞተ እንጂ ለታመመ አይደለም።»

ደንቡን ያወጡት አባላቱ ናቸው፤ ሊያሻሽሉትም ይችላሉ። ለእኔ ግን ከመዋጮው ይልቅ ደቦው ይበልጣል፦ አስታማሚው ከተማ ሳለ ጎረቤት ወጥቶ እርሻውን ካረሰለት፣ የሚቀጥለው ዓመት እህል አይጠፋም።

«ለሐኪም ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው።»

ሐኪሙ አቅማችንን ካላወቀ የሚያዝዘው አቅም እንዳለን ቆጥሮ ነው። አክስቴ እንደ ምንም ደፍራ «ዶክተር፣ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም፤ የምመጣበትን ቀን ሁሉ አሁኑኑ ይንገሩኝ» ብላ ጠየቀች፤ እሱም ስምንቱን ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈላት። ባሏ ማታ በኩራዝ ብርሃን ቀኖቹን በታቦት ቆጠራቸው፦ ሚካኤል፣ በዓታ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቂርቆስ እያለ። ከዚያ ለየትኛው ዙር ጤፍ፣ ለየትኛው ባሕር ዛፍ እንደሚሸጥ መደበ። በሬዎቹ ዛሬም ያርሳሉ።