«የማይጠፋ ዝና»፦ ትርጉሙና ከጽሑፍ በፊት ያለው ምንጩ

በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኢሊያድ» 9ኛ ክፍል፣ 413ኛው ስንኝ ላይ ጀግናው አኪሌስ እናቱ ቴቲስ የነገረችውን ይናገራል። ሁለት ዕጣ ቀርቦለታል፦ ትሮይ ላይ ቆይቶ ቢዋጋ አገሩን ዳግም አያይም፣ ዝናው ግን አይጠፋም፤ ወደ ቤቱ ቢመለስ ዕድሜው ይረዝማል፣ ዝናው ግን ይጠፋል። ግሪክኛው «ክሌኦስ አፍቲቶን» ይለዋል።

«ታዋቂነት» ብሎ መተርጎም ሐሳቡን ያሳንሰዋል። ክሌኦስ ስለ አንድ ሰው ጆሮ የሚደርሰው ነገር ነው፤ ከሁሉም በላይ ባለቅኔ የሚያዜመው። አፍቲቶን ደግሞ የማይከስም፣ የማይጎድል ማለት ነው። ከዚያው ሥር በወጣው ግሥ አቴናውያን የወሩን የመጨረሻ አሥር ቀናት፣ ጨረቃ የምትጎድልበትን ጊዜ፣ ይጠሩበት ነበር። እንግዲህ አኪሌስ የሚለው፦ እኔ አልቃለሁ፣ ስለ እኔ የሚሰማው ግን እንደ ጨረቃ አይጎድልም ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የእኛ አባባል ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወደ ሕንድ እንሂድ። በሳንስክሪት በተደረሰው ጥንታዊ የሕንድ የመዝሙር ስብስብ በሪግ ቬዳ 1ኛ መጽሐፍ፣ 9ኛ መዝሙር፣ 7ኛ ስንኝ ላይ ካህኑ ኢንድራ የተባለውን አምላክ ይለምናል፦ ከብት የሞላበት፣ ሰፊና ከፍ ያለ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ፣ የማይጠፋ ዝና ስጠን። ዝናው «ሽራቫስ»፣ የማይጠፋው «አክሺታም» ነው። በአገባቡ ላይ ግን ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜም ይታለፋል። አኪሌስ ዝናን የሚያገኘው ሕይወቱን ከፍሎ ነው። የቬዳው ለማኝ ከብቱንም፣ ዕድሜውንም፣ ዝናውንም በአንድነት ይጠይቃል። ሐረጉ አንድ ሆኖ ዋጋው እንዲህ ይለያያል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሊቅ አዳልበርት ኩን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1853። እንዴት እንደሚገጥሙ ድምፅ በድምፅ እንይ። ግሪክኛና ሳንስክሪት ሕንድ-አውሮፓዊ የሚባለው አንድ የቋንቋ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ለሁለቱም እናት የሆነውን ሐረግ ሊቃውንት *ክለዎስ ንድጕሂቶም ብለው ይመልሱታል። ኮከቧ ቃሉ በጽሑፍ ያልተገኘ፣ ከልጆቹ ተነሥቶ የተዋቀረ መሆኑን ታመለክታለች። የመጀመሪያው ድምፅ ወደ ላንቃ የተጠጋ ክ ነበር፤ ግሪክኛ ክ አድርጎ ሲያስቀረው ሳንስክሪት ሽ አደረገው። ል በሳንስክሪት ር ሆነ። በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረውን ው የሆሜር ግሪክኛ ጣለው፣ ሳንስክሪት ቭ አድርጎ ያዘው። በሁለተኛው ቃል መጀመሪያ ያለው ን አፍራሽ ነው፤ በግሪክኛም በሳንስክሪትም አ፣ በላቲን ኢን፣ በእንግሊዝኛ አን ሆኗል። መካከለኛው ድጕህ በግሪክኛ ፍት፣ በሳንስክሪት ክሽ ሆነ። ጥምሩ እንግዳ ቢመስልም አመጣጡ መንገዱን የጠበቀ ነው። በቃሉ ውስጥ ድምፅ ከፍ የሚልበት ቦታም በሁለቱም ቋንቋዎች የአፍራሹ ቀለም ነው። ከሁሉም ማስረጃ የሚመዝነው ይህ ይመስለኛል፤ ሁለት ሕዝቦች ተራርቀው እየኖሩ ዜማውን ጭምር በአጋጣሚ ያገጣጥማሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የክሌኦስ ሥር *ክለው- ሲሆን ትርጉሙ «መስማት» ነው። ከእርሱ «የተሰማ» የሚለው ቅጽል ወጣ፦ በግሪክኛ ክሉቶስ፣ በላቲን ኢንክሉቱስ፣ ሁለቱም «ስመ ጥር»፤ በሳንስክሪት ሽሩታ። ሕንዶች ቬዳን «ሽሩቲ» የሚሉት የተሰማ ቃል ነው ሲሉ ነው። በጀርመናዊ ቋንቋዎች ክ ወደ ህ ስለተለወጠ ህሉድ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ህን ሲጥል «ላውድ» (ድምፁ ከፍ ያለ) ቀረ። «ሊስን» (አዳምጥ) የዚሁ ዘመድ ነው። በስላቭ ቋንቋዎች ክ ስ ሆነ፦ ስሎቮ ቃል፣ ስላቫ ክብር። በአይርላንድኛ ክሉ ዝና ነው።

የሰው ስሞቹማ ብዙ ናቸው። ሄራክሌስ «የሄራ ዝና»፣ ክሊዮፓትራ «የአባቷ ዝና»። በሉቃስ 24፥18 ወደ ኤማሁስ ሲሄድ የምናገኘው ቀለዮጳም የዚሁ ስም የወንድ ቅርጽ አጥሮ ነው። ያሮስላቭና ቭላዲስላቭ በስላቮች፣ ሉድቪግና ክሎቪስ በጀርመናውያን ዘንድ ከዚሁ ይመዘዛሉ። በፋርስ ደግሞ ኮስሮው አለ፤ «መልካም ዝና ያለው» ማለት ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ወደ የመን ጦር ልኮ የሐበሾችን አገዛዝ ያስቆመው ንጉሥ ቀዳማዊ ኮስሮው ይህን ስም የያዘ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ በቀላሉ የሚሳሳትበት አለ። በግዕዝም «ስሙዕ» የተሰማም ዝነኛም ነው፤ ይህ ግን የሐሳብ መመሳሰል እንጂ ዝምድና አይደለም። ሴማዊ ቋንቋዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በራሳችን ቤትም ቢሆን «ስም» እና «ሰማ» አንድ ሥር አይደሉም፤ ግዕዙ ሰምዐ ብሎ ዐይኑን ይጽፋል፣ ስም ውስጥ ግን ዐይን የለም። ዕብራይስጡ ሼምና ሻማዕ፣ ዐረብኛውም ኢስምና ሰሚዐ ብለው ይለያሉ። ላቲኑን «ግሎሪያ» ከክለው- ማውጣትም አይመከርም፤ ክ በላቲን ክ ሆኖ ይቀር ነበርና ግ እንዴት እንደመጣ አጥጋቢ ማብራሪያ የለውም።

ሐረጉ የጋራ ውርስ ነው በሚለው የኩን ወገን ሐሳብ ላይ የተነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ማርጋሊት ፊንከልበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳየችው ሐረጉ በሆሜር አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እርሷ «ዝናው ከቶ አይጠፋም» ከሚለው ሌላ የሆሜር አነጋገር የተቀየረ አድርጋ ትወስደዋለች። በቬዳው ስንኝም ሁለቱ ቃላት ተራርቀው ነው የቆሙት። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ባለቅኔዋ ሳፎ በሄክቶርና በአንድሮማኬ ሠርግ ግጥሟ ክሌኦስ አፍቲቶን ብላለች፤ ሪግ ቬዳም ጥንዱን በቅርብ ቅርጹ በሌሎች መዝሙሮች ይደግመዋል። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ኩን ያጋድላል፤ አኪሌስ የተናገረውም ከሆሜር የሚቀድም የባለቅኔዎች አነጋገር ሆኖ ይታየኛል።