ስዊቺንግ አይሲን በቪሲሲ እግሩ በኩል ስለ ማጥፋት

የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይን (ሞስፌት የተባለ ትራንዚስተርን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጅ የሚያዘጋጅ መሣሪያን) ሥራ የሚመራው አይሲ፣ ማለትም ቺፕ፣ ለራሱ መሥሪያ የሚሆን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል። ይህ ቮልቴጅ የሚገኝበት እግር በአብዛኛው ቪሲሲ ይባላል። በእግሩ ላይ ያለው ቮልት ከተወሰነ መጠን ሲወርድ አይሲው ሞስፌቱን ማንቀሳቀስ ስለሚያቆም፣ እግሩን ሆን ብሎ ዝቅ በማድረግ ጠቅላላውን ፓወር ሰፕላይ ማጥፋት ይቻላል። ዘዴው የሚያዋጣው ግን ቮልቴጁ ወደ እግሩ ከየት እንደሚመጣ ተለይቶ ሲታወቅ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመገብ እግርና ከአይሲው ውስጥ ቮልቴጅ የሚወጣበት እግር በስም ቢቀራረቡም አያያዛቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከውጭ ለሚመገበው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዩሲ3842 ነው። ይህን ባለ 8 እግር አይሲ ያወጣው ዩኒትሮድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው በ1999 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተገዝቷል። አይሲው ከነዝርያዎቹ በቀድሞ ቴሌቪዥኖች፣ በኮምፒውተር ሞኒተሮችና በባትሪ ቻርጀሮች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ቪሲሲው 7ኛው እግር ነው። በዚህ እግር ላይ ያለው ቮልቴጅ 16 ቮልት እስኪደርስ አይነሳም፤ ከተነሳ በኋላም ቮልቴጁ ወደ 10 ቮልት ገደማ ሲወርድ ይቆማል። ሳይነሳ ከ1 ሚሊ አምፒር በታች የሚወስደው አይሲ፣ ሥራ ሲጀምር ወደ 11 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ እንዳለው በ220 ቮልት መስመር ላይ ሲሠራ፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚለውጠው ሬክቲፋየር በኋላ 311 ቮልት ያህል ይገኛል። ከዚህ ቮልቴጅ 7ኛውን እግር የሚመግበው የመነሻ ሬዚስተር 150 ኪሎ ኦም፣ በ7ኛው እግር ላይ ያለው ካፓሲተር ደግሞ 100 ማይክሮ ፋራድ ነው እንበል። በሬዚስተሩ የሚያልፈው 2 ሚሊ አምፒር ገደማ ካፓሲተሩን 16 ቮልት ለማድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አይሲው ከተነሳ በኋላ ግን ያው ካፓሲተር ከ16 ወደ 10 ቮልት ለመውረድ 55 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የትራንስፎርመሩ ረዳት ጥቅል መመገቡን ካልተረከበ አይሲው ይጠፋል፤ ካፓሲተሩም እንደገና መሞላት ይጀምራል። የውጤት መስመሩ ሾርት የሆነ ቴሌቪዥን «ቲክ፣ ቲክ» እያለ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ጠጋኙ ቴስተሩን በ7ኛው እግር ላይ ሲያደርግ ቮልቱ ሲወጣና ሲወርድ በዓይኑ ያየዋል። አይሲውን በቪሲሲ በኩል ማጥፋት ማለት ይህንኑ ውድቀት በትእዛዝ ማምጣት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የትራንዚስተር ኮሌክተር በ100 ኦም ሬዚስተር አልፎ ከ7ኛው እግር ጋር፣ ኤሚተሩ ደግሞ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። ካፓሲተሩ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ትራንዚስተሩን እንዳይጎዳ ሬዚስተሩ ከረንቱን ወደ 160 ሚሊ አምፒር ይገድበዋል። ይህ ግራውንድ ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ ትእዛዙ ከውጤት በኩል የሚመጣ ከሆነ የግድ በኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን እያስተላለፈ ሁለቱን ወገኖች በሚለይ ክፍል) መሻገር አለበት፤ ይህን መዝለል የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ከሞስፌቱ ጌት (መቆጣጠሪያ እግር) ወደ ግራውንድ የሚሄድ ሬዚስተር መኖሩም መረጋገጥ አለበት፤ አይሲው ከጠፋ በኋላ ጌቱን ወደ ታች የሚይዝበት አቅም አነስተኛ ነውና።

ዘዴው የሚያስከፍለው ነገር አለ። ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶም ቢሆን የመነሻው ሬዚስተር 0.64 ዋት ገደማ ሙቀት ማባከኑን ይቀጥላል፤ ትእዛዙ ሲነሳም ዳግም ለመነሳት አንድ ሰከንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። 1ኛውን እግር ወደ ታች በመሳብ ወይም 3ኛውን ከ1 ቮልት በላይ በማድረግ አይሲውን ወዲያው ማስቆም ይቻላል። ሆኖም በዚያ መንገድ የቆመ አይሲ ነቅቶ 11 ሚሊ አምፒሩን ስለሚጠይቅና ሬዚስተሩ ያን ያህል ስለማያቀርብ፣ ቪሲሲው በ10 እና በ16 ቮልት መካከል ሲዋዥቅ ይቆያል። ከሁሉም የሚሻለው እግሩን ግራውንድ ከማድረግ ይልቅ ምግቡን መቁረጥ ነው። በብዙ የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ፓወር ቦርዶች ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ትንሽ የስታንድባይ ክፍል አለ፤ ከዋናው ቦርድ ትእዛዝ ሲመጣ አንድ ትራንዚስተር ተከፍቶ ከዚህ ክፍል ለዋናው አይሲ ቪሲሲ ያቀርባል። ትእዛዙ ሲቀር አይሲው የሚበላው አጥቶ ይጠፋል፤ በመነሻ ሬዚስተርም የሚባክን ነገር የለም።

ኢንትቪሲሲ የሚባለው እግር ባላቸው ቺፖች ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ሊኒየር ቴክኖሎጂ በስፋት ባወጣቸው በእነዚህ ቺፖች ውስጥ አንድ ትንሽ ሬጉሌተር ከግቤቱ ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ገደማ ያዘጋጃል፤ በእግሩ ላይ የሚታየውም የዚያ ሬጉሌተር ውጤት ነው። ይህን እግር ግራውንድ ማድረግ የሬጉሌተሩን ውጤት ሾርት ማድረግ ነው። ግቤቱ 24 ቮልት ቢሆንና ሬጉሌተሩ ከረንቱን በ100 ሚሊ አምፒር ቢገድብ፣ ከጥፍር በማይበልጥ ቺፕ ውስጥ 2.4 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ከእግሩ ወደ ማጥፊያው ትራንዚስተር የሚሄድ ረጅም ሽቦም የጌት ከረንት በሚመላለስበት ቦታ ላይ ረብሻ ይጨምራል። ለማጥፋት የተሠራው እግር ራን ወይም ኢነብል የተባለው ነው። እሱንም ቢሆን በሬዚስተር ወደ ኢንትቪሲሲ ስቦ ማብራት በብዙዎቹ ቺፖች አይሆንም፤ ኢነብል ሳይከፈት ኢንትቪሲሲ ስለማይመጣና ኢንትቪሲሲ ሳይመጣ ኢነብል ስለማይከፈት ቺፑ እንደተኛ ይቀራል። ሬዚስተሩ ወደ ግቤቱ መሄድ አለበት፤ እግሩ የሚችለው የቮልት ጣሪያ ግን አስቀድሞ ይታያል።

በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው ኤልኤም2596 የተባለ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ስዊቺንግ ቺፕ የውስጥ ምግቡን በእግር አያወጣም። ማጥፊያው 5ኛው እግር ሲሆን፣ ዝቅ ሲል ይሠራል፣ ከ1.3 ቮልት ገደማ በላይ ሲሆን ይጠፋል፤ ጠፍቶ የሚወስደውም 80 ማይክሮ አምፒር ያህል ነው። በተዘጋጁት ትናንሽ ሞጁሎች ላይ ይህ እግር ከግራውንድ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሰው ብየዳውን አሙቆ እግሩን በቀስታ ማንሳትና ለብቻው ሽቦ ማውጣት ይኖርበታል።