ዑመር ሙኽታር፦ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ጄኔራሎች አስቀድመው የሰቀሏቸው ሸህ

ሸህ ዑመር ሙኽታር በምሥራቅ ሊቢያ የጣሊያንን ወረራ 20 ዓመት ያህል የተዋጉ የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ። ታሪካቸው የሩቅ አገር ይምሰል እንጂ ለደሴ ሰው ቅርብ ነው። እሳቸውን ያሳደዱት ሁለት ጄኔራሎች፣ ባዶሊዮና ግራዚያኒ፣ ብዙም ሳይቆዩ ወደ እኛ መጥተዋል።

የተወለዱት በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቶብሩክ አካባቢ ነው። በጀግቡብ፣ ሰኑሲያ በተባለው የሱፊ ማኅበር ትምህርት ቤት ለዓመታት ቀሩ፣ ማለትም ተማሩ። ወሎ ውስጥ አንድ ደረሳ በሸሁ እግር ሥር የሚያሳልፈውን ሕይወት አስቡ፤ ከዚያ ብዙ አይለይም። በኋላ ራሳቸው የዛዊያ፣ ማለትም የማኅበሩ የአምልኮና የትምህርት ማዕከል፣ ሸህ ሆኑ። ያስቀራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ።

ጣሊያን ሊቢያን በ1904 ዓ.ም. ወረረች። የኦቶማን መንግሥት በዓመቱ ውል ፈርሞ ወጣ። የአገሬው ሰው ግን መሣሪያውን አላስቀመጠም። የሰኑሲያ መሪ ኢድሪስ በ1915 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ሲሄዱ የጦር መሪነቱ በሸህ ዑመር ላይ ወደቀ። ዕድሜያቸው 60 አልፎ ነበር።

ምሽጋቸው ጀበል አኽደር የሚባለው ጫካና ገደል የበዛበት ተራራ ነው። ትንንሽ የፈረሰኛ ቡድኖች ድንገት መትተው ይሰወራሉ። ስንቁም ጥይቱም ወሬውም ከሕዝቡ ነው የሚመጣው። ቀን ለጣሊያን ያደረ መስሎ የዋለ ሰው፣ ማታ ለሸሁ ዘካውን ያወጣል።

እዚህ ላይ ልብ የሚሰብር ነገር አለ። ጣሊያን እሳቸውን የተዋጋችው በገዛ ልጆቿ ብቻ አልነበረም። የኤርትራ አስካሪዎችን፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠሩ የአገሬው ወታደሮችን፣ ወስዳ አሰልፋለች፤ ከመረብ ወዲህ ሄደው የተቀጠሩም ነበሩባቸው። ኋላ ደግሞ ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል ሲመጣ የሊቢያ ወታደሮችን ይዞ ነው። አንዱን ወንድም በሌላው ማስወጋት ማለት ይሄ ነው።

በ1921 ዓ.ም. የሊቢያ ገዢ የነበረው ባዶሊዮ ከሸሁ ጋር ድርድር ጀምሮ ነበር። አልሰመረም። በዓመቱ ግራዚያኒ የምሥራቅ ሊቢያ ምክትል ገዢ ሆኖ ተሾመ፣ ነገሩም ሌላ መልክ ያዘ። ሸሁን ከሕዝቡ ለመነጠል 100 ሺህ ያህል ሰው ከነከብቱ ተነቅሎ በሽቦ በታጠሩ የበረሃ ካምፖች ታጎረ። በረሃብና በበሽታ ቢያንስ 40 ሺህ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በግብፅ ድንበር ላይም 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሽቦ አጥር ተዘረጋ።

ሸህ ዑመር የተያዙት ጳጉሜን 6 ቀን 1923 ዓ.ም. ስሎንታ አጠገብ ነው። በእኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ፈረሳቸው ተመትቶ ወደቁ። መስከረም 4 ቀን ቤንጋዚ ላይ ለይስሙላ ችሎት ቀረቡ። በማግስቱ በሱሉቅ ካምፕ፣ ለማየት የተገደዱ 20 ሺህ ያህል እስረኞች ፊት ተሰቀሉ። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ። የመጨረሻ ቃላቸው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» (እኛ የአላህ ነን፤ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን) እንደነበር ይተረካል። ወሎ ውስጥ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ የሚለው ቃል ነው። በጥር ወር ባዶሊዮ አመጹ አበቃ ብሎ አወጀ።

ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ባዶሊዮ በኢትዮጵያ የሰሜኑን ጦር ያዘ። ሥልጣኑን በተረከበ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋ ተያዘች። ባዶሊዮ በመኪና ሠራዊቱን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ከዚሁ ከደሴ ተነሥቶ ነው። ደሴ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

የሸህ ዑመር መልክ ዛሬ በሊቢያ 10 ዲናር ላይ ታትሟል። ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ተለቀቀ፤ የተከሰሰውም ለጀርመን በማደሩ ነው። ባዶሊዮ ችሎት ሳይቀርብ በአገሩ ሞተ። ስለ ሱሉቅም ሆነ ስለ ደሴ የጠየቃቸው ፍርድ ቤት የለም።