«ማን ይጠየቃል?»፦ ስለ መንግሥት ድርጅቶችና ባንኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመንግሥት ባንክ ብድር ሲበላሽ ወይም የልማት ድርጅት ፕሮጀክት ከነገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ይጠየቃል? መልስ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ስለሌለ አይደለም። ያዘዘው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም፤ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ደግሞ አላዘዘም። ከዚህ በታች የተነሱት አመለካከቶች በየቀኑ የሚሰሙ ናቸው፤ ሁሉም ይህንን ክፍተት ይሸፍናሉ።

«ኪሳራው የመንግሥት ነው፤ እኔን አይነካኝም»

ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ መከተል ይበቃል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሕዝብ ቁጠባ ሰብስቦ ለስኳር፣ ለባቡርና ለኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮጀክቶች ለዓመታት አበደረ። ፕሮጀክቶቹ ሲዘገዩና ገቢ ማመንጨት ሲሳናቸው ክፍያው ቆመ፣ ወለዱም በዋናው ብድር ላይ ተደመረ። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የድርጅቶቹን ዕዳ ተረከበ። ኮርፖሬሽኑ ይህን ያህል ዕዳ የሚከፍልበት በቂ ገቢ አልነበረውም። በመጨረሻም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለንግድ ባንክ የሚሰጥ 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ። ከዚህ ውስጥ 845 ቢሊዮን ብር ያህሉ የተዛወረውን ዕዳ ለመተካት፣ ቀሪው የባንኩን ካፒታል ለማሳደግ ነበር።

እንግዲህ ከቆጣቢው ኪስ ወጥቶ ድርጅቱ ጋ የደረሰው ብር በኮርፖሬሽኑ በኩል አልፎ የፌዴራል መንግሥት ዕዳ ሆኗል ማለት ነው። ዋናውም ወለዱም የሚከፈለው ከበጀት ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ሊውል ይችል የነበረ ብር ለዚያ ይሄዳል። ባንኩን መታደጉ ተገቢ ነበር፤ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ቢንገዳገድ ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ይሆናል። ነገር ግን ዕዳ ሲዛወር የሚዛወረው ቁጥሩ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ብድር ማን እንዳጸደቀው፣ በምን ጥናት እንደጸደቀና የትኛው ፕሮጀክት ምን ያህል እንደወሰደ ለሕዝብ ሳይዘረዘር ሲቀር ሥራው በግማሽ ይቀራል።

«የተበላሸ ብድር መቶኛው ዝቅ ካለ ባንኩ ጤነኛ ነው»

ይህ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም መቶኛው ብድሩ ሳይሻሻል ሊወርድ ይችላል። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው ከ90 ቀን በላይ ያለፈ ብድር የተበላሸ ይባላል። ከ90 እስከ 180 ቀን ለዘገየ ብድር ባንኩ ቢያንስ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይይዛል። እስከ 360 ቀን ከሆነ 65 በመቶ፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ 100 በመቶ ይሆናል። መያዣውን ለጊዜው እንተወውና ብድሩ 1 ቢሊዮን ብር ነው እንበል። ባንኩ ከትርፉ መጀመሪያ 200 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 650 ሚሊዮን፣ በመጨረሻም ሙሉውን 1 ቢሊዮን መቀነስ ይኖርበታል።

ይህን ለማምለጥ የሚሞከረው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው 90ኛው ቀን ሳይደርስ የክፍያ ጊዜውን ማራዘም ነው፤ ቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ለዚያው ተበዳሪ አዲስ ብድር ሰጥቶ አሮጌውን በአዲሱ ማስከፈል ነው። በወረቀት ላይ ክፍያ ገብቷል፤ እውነቱ ግን ዕዳው አድጓል። ሦስተኛው አካፋዩን፣ ማለትም ጠቅላላውን ብድር፣ ማሳደግ ነው። ከ100 ብር ብድር 40ው ቢበላሽ መቶኛው 40 ነው። ባንኩ አዲስ 100 ብር ቢያበድርና አዲሶቹ ተበዳሪዎች ገና መክፈል በማይጀምሩበት የእፎይታ ጊዜ ላይ ቢሆኑ፣ አንድ ብር ሳይሰበሰብ መቶኛው ወደ 20 ይወርዳል።

የ40 በመቶው ምሳሌ ከባዶ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የተበላሸ ብድር ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ለባንኩ የተቀመጠው ጣሪያ 15 በመቶ፣ ለንግድ ባንኮች ደግሞ 5 በመቶ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ አንድ ባንክ «መቶኛችን ወርዷል» ሲል አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል። በጥሬ ብር የተሰበሰበው ስንት ነው? የክፍያ ጊዜው የተራዘመለት ስንት ነው? ከመዝገብ የተሰረዘውስ? በዓመቱ የተሰጠው አዲስ ብድርስ ምን ያህል ነው? ከዚህ ሌላ ለመንግሥት ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ በብድር ሳይሆን በኮርፖሬት ቦንድ (ድርጅቱ ራሱ በሚያወጣው የዕዳ ሰነድ) ስም ከተመዘገበ በዚህ መቶኛ ውስጥ በቀጥታ አይታይም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት አንዱ የገንዘብ ምንጭ እንዲህ ያለው ቦንድ ነበር።

«ጥፋተኛው ሥራ አስኪያጁ ነው»

ሥራ አስኪያጅን ማንሳት ቀላል ስለሆነ ቁጣው ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 መሠረት ግን ከሥራ አስኪያጁ በላይ ቦርድ፣ ከቦርዱ በላይ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ። ቦርዱ ከ3 እስከ 12 አባላት ይኖሩታል። እስከ ሲሶ የሚሆኑትን ሠራተኛው ይመርጣል፤ የቀሩትን የሚሰይመው ተቆጣጣሪው ነው። ሚኒስትሮችና ሚኒስትር ዴኤታዎች ሰብሳቢ ሲሆኑ ዘርፉን የሚመራው፣ ድርጅቱን የሚያዘውና ድርጅቱን የሚገመግመው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ራሱን የሚገመግም ሰው ራሱን ሊጥል አይችልም።

በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሚኒስቴር ነበር፤ ቦርድም ነበረው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ያለ ጨረታ የፈጸመው የውጭ ግዢ 37 ቢሊዮን ብር እንደሆነ ተናገሩ። ይህን የሚያህል ግዢ በአንድ ሌሊት አይፈጸምም። በየዓመቱ ዕቅድና ሪፖርት ቀርቧል፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቷል፣ ክፍያ ወጥቷል። ጥያቄው ከአስፈጻሚዎቹ አልፎ ሪፖርቱን ተቀብለው ዝም ወዳሉት መሄድ ነበረበት።

ማስረጃው ያለው ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። ደህና ቃለ ጉባኤ የተገኙትን አባላት ስም፣ የቀረበውን ጥናት፣ የብድር ስጋት ክፍሉን አስተያየት፣ የደገፈውንና የተቃወመውን፣ የጥቅም ግጭት ኖሮበት ከስብሰባው የወጣውን አባል ይዘረዝራል። መጥፎው ደግሞ በአንድ መስመር ያልቃል፤ «ቦርዱ በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል»። ከሁሉም የከፋው «ከበላይ አካል በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት» የሚለው ነው። የትኛው የበላይ አካል? በስንት ቁጥር ደብዳቤ? በምን ቀን? አቅጣጫ የሚለው ቃል ስም፣ ቀንና ቁጥር ከሌለው ትእዛዙ በስልክ ወርዶ ፊርማው ታች ቀርቷል ማለት ነው። የቃል ትእዛዝ የደረሰው ኃላፊ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። በዚያው ቀን «በዛሬው ዕለት በቃል በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት» ብሎ ላዘዘው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ በመዝገብ ቤት ወጪ ያስደርጋል፣ ግልባጩን ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ያልተስማማ የቦርድ አባልም ተቃውሞውን በዚያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ አለበት። ከዓመት በኋላ «እኔ እንኳ አልተስማማሁም ነበር» ማለት አያድነውም።

«ኦዲተር አይቶታል፤ ችግር የለበትም»

ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት አስተያየት ማለት ሒሳቡ የተሠራውን ሥራ በትክክል ያሳያል ማለት ነው። ብድሩ ተገቢ ነበር፣ ግዢው ርካሽ ነበር ማለት አይደለም። ያንን የሚመረምረው የክዋኔ ኦዲት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ማሰርም ሆነ ከሥራ ማገድ አይችልም። ንግድ ባንክን የመሳሰሉ ድርጅቶችን ዓመታዊ ሒሳብ ሲመረምር የኖረው ደግሞ ሌላ ተቋም ነው፤ የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን፣ እሱም የመንግሥት። ከግኝቱ በኋላ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። ነገሩ የሚላላው እዚህ ነው። «እርምጃ በመውሰድ ላይ እንገኛለን» የሚል መልስ ቀነ ገደብ ሳይቆረጥለት ይታለፍና ያው ግኝት በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ ይደገማል።

«ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይከሰዋል»

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አይከስም። የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ተዛውሯል፤ የዐቃቤ ሕጉ ሥራ ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ኮሚሽኑ የሚሠራው መከላከል፣ የሥነ ምግባር ትምህርትና የሀብት ምዝገባ ላይ ነው። ጥቆማ ይቀበላል፤ ወንጀል ነክ ሲሆን ግን ለሚመረምረው ያስተላልፋል። ጠቋሚን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003።

«የግል ባንኮች ከፖለቲካ ውሳኔ ውጭ ናቸው»

ከ2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ 100 ብር ሌላ 27 ብር አውጥተው የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ይህ ማለት 100 ብር ለማበደር 127 ብር መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። ሰነዱ አምስት ዓመት የሚቆይ ሲሆን መጀመሪያ ይከፍል የነበረው ወለድ 3 በመቶ ነው፤ ባንኮቹ ግን ለቆጣቢ ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ልማት ባንክ ሄደ፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ የዚያ ባንክ ብድር በብዛት ተበላሸ። የግል ባንክ ደንበኛ የነበረ ሰው ሳያውቀው የዚህ ውሳኔ ተካፋይ ነበር።

«አክሲዮን ከተሸጠ ተጠያቂነት በራሱ ይመጣል»

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከጠቅላላው 1 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገዝቷል፤ ደስ የሚል ነው። በ1 በመቶ ድምፅ ግን የቦርድ ሰብሳቢ አይቀየርም። የሽያጩ እውነተኛ ጥቅም የፋይናንስ መረጃን በይፋ የማውጣት ግዴታ ማምጣቱ ነው፤ ሰው መረጃውን ካላነበበና በጠቅላላ ጉባኤ ካልጠየቀ ግን ይህም ከንቱ ይሆናል።

«ተራ ዜጋ መረጃ ሊጠይቅ አይችልም»

ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነፃነት ክፍል መሠረት የመንግሥት አካል ለቀረበለት ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው ሰፊ ስለሚሆን ነው። «የብድር መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ የደንበኛ ምስጢር ተብሎ ይመለሳል፤ የግለሰብ ሒሳብ በእርግጥም ምስጢር ነው። ይልቅ «በ2016 በጀት ዓመት ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች የክፍያ ጊዜው የተራዘመ ብድር ጠቅላላ መጠን» ወይም «የቦርድ አባላት ስም፣ የተሾሙበት ቀንና የሚከፈላቸው አበል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ዓመቱ፣ የሰነዱ ዓይነትና የሚፈለገው ቁጥር ይጠቀስ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ላይ የገባበት ቀንና የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ይረፍበት፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። መልስ ካልመጣ ወይም ክልከላው ምክንያት ካልተጻፈለት ቅሬታው መጀመሪያ ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ማኅተም ካረፈበት ቅጂ ጋር ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።